ሙያና ዲግሪ፦ ስለ ወጥ ሠሪነት ትምህርት



የዛሬው ንግግሬ ስለ ድልድይም ስለ ግድብም አለመሆኑን ስገልጽ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገሩ የተነሣው ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው ጎዳና ላይ ባለችው የዋድላ ከተማ፣ በኮን ነው። የታላቅ እኅቴ ልጅ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ለዩኒቨርስቲ ከበቃ በኋላ «እኔ የምሻው የሆቴል ወጥ ሠሪነት ነው» አለ። አባቱ ደውለው «12 ዓመት ያስተማርሁት ሽንኩርት ሊልጥ ነው? አንተ የተማርህ ነህ፤ ምከረው» አሉኝ።

በአገራችን አንዲት ሴት «ባለሙያ ናት» ከተባለች ወጧ ይጣፍጣል ማለት ነው። ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ ሲገኝ ግን «ሴታ ሴት» ይባላል። የአባትየው ቅሬታ ከፊሉ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። ከፊሉ ግን እውነተኛ ሥጋት ነው። በላስታ የሆቴል ወጥ ሠሪ እንጀራው የተንጠለጠለው በላሊበላ ጎብኚ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የገባው የኮሮና ወረርሽኝ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምትም እዚያው የደረሰው ጦርነት ጎብኚውን አስቀሩት። ያን ጊዜ ሥራ የፈታ ወጥ ሠሪ ሌላ በር የሚከፍትበት ወረቀት ቢኖረው ይሻለው ነበር የሚል ሰው ተሳስቷል አልልም።

ሆኖም የትኛው ወረቀት? በዩኒቨርስቲ የሚሰጠው የሆቴል አስተዳደር ትምህርት ዓላማው አስተዳዳሪ ማውጣት ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን ጎተንበርግ በሚገኝ የምግብ ሙያ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ወጥ ቤቶች ከታች ጀምሮ ሠርቶ ነው በኒውዮርክ ስመ ጥር የሆነው። ዮሐንስ ገብረኢየሱስም ሊዮን አጠገብ ባለው የፖል ቦኩዝ ተቋም የተማረ ሲሆን፣ ስለ ኢትዮጵያ ምግብ ያዘጋጀው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2020 የጄምስ ቢርድን ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱም ተምረዋል፤ የተማሩት ግን እሳት አጠገብ ቆመው ነው።

እስቲ ለእኛ ለመሐንዲሶች በሚቀርበን መለኪያ እንመዝነው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህም የተነሣ ክክ ቶሎ አልበስል ይላል፤ እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። የኮንም ደጋ እንዲሁ ነው። እኅቴ ይህን ቀመር አታውቅም፤ ክኩን ዘፍዝፋ፣ ድስቱን ከድና በጊዜው ታደርሳለች። እኔ ቀመሩን አውቃለሁ፤ ወጤን ግን ውሻ አይቀምሰውም። ልጁ ነገ ከኮን ወደ ጅቡቲ ወደብ ቢወርድ እጁ የለመደው ሰዓት ይከዳዋል። ምክንያቱን የተማረ ከሆነ ግን በአንድ ቀን ያስተካክለዋል። እንግዲህ ትምህርት ለወጥ ሠሪ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ልጁ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለሆቴሎቻችን ባለሙያዎችን ሲያፈራ ወደ ኖረው፣ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ተቋም ይግባ፤ ከዚያም ጥቂት ዓመታት በወጥ ቤት ይሥራ፤ ሆቴል ማስተዳደር ካማረው ዩኒቨርስቲውን በማታ ይማር ብዬ መከርሁ። የአንድ ሳህን ወጥ ስንት እንደሚያስወጣ ማስላት ግን ዛሬውኑ እንዲጀምር አስጠነቀቅሁት፤ ይህን ሳያውቁ ምግብ ቤት ከፍተው የከሰሩ ወዳጆች አሉኝና።

አባቱ እስካሁን መልስ አልሰጡኝም። ለመስቀል ኮን በሄድሁ ጊዜ የዶሮውን ብልት ያወጣው ልጁ ነበር፤ 12ቱም ሳይበላሹ ወጡ። አባቱ በዓይናቸው ቆጠሩ፤ ፈረሰኛው ሲቀርብላቸውም ዝም ብለው በሉ።