ቤትና ገበና
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሥነ ጽሑፍ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ክበባችን ለዚህ በዓል አንድ ንግግር እንዲያዘጋጅ በታዘዘ ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ጊዜ አጠቃቀም እንናገራለን ተብሎ ሳይጠበቅ አልቀረም። እኛ ግን በዚህ ዓመት ከሁሉ ይልቅ ስላከራከረን ነገር ለመናገር መረጥን። ይኸውም የሙት መንፈስ ይመላለስበታል ስለሚባል ቤት የሚጻፈው ልብ ወለድ ነው። ከወላጆቻችን አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ይዘው ሲገቡ አይታችሁ፣ «ትምህርት ቤት የላክንህ ለዚህ ነው ወይ?» እንዳላችሁ እናውቃለን። የአንዷ ጓደኛችን አያት ደግሞ ታሪኩን እስከ መጨረሻው በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፣ «ሰዎቹ ጠበል የሚረጭ አንድ ቄስ አጡ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ከቀልድ የሚቈጠር ስላልሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ይህ ዓይነት ድርሰት ከየት እንደ መጣ በአጭሩ እንናገር። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ሁሉ አባት ነው የሚባለው ሆራስ ዎልፖል በ1764 ያሳተመው «የኦትራንቶ ግንብ» ነው። በዚያ ታሪክ አንድ መስፍን ወንድ ልጁን ሊድር በተሰናዳበት ቀን ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ የራስ ቍር ሙሽራውን ይጨፈልቀዋል። ነገሩ ለዛሬ አንባቢ ያስቃል እንጂ አያስፈራም፤ እኛም ስቀናል። ነገር ግን ከሳቁ በኋላ የሚቀር ነገር አለ። የመስፍኑ አያት ግንቡን የያዘው እውነተኛውን ጌታ በመርዝ ገድሎ ነበር። ስለዚህ ቤቱ የሚናወጠው በቤተ ሰቡ የቆየ ወንጀል ምክንያት ነው።

አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1839 የጻፈውን የአሸርን ቤት ታሪክ ያነበባችሁ ደግሞ እንደምታስታውሱት፣ የአገሩ ሰዎች ሕንጻውንም ዘሩንም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። መንትዮቹ ወንድምና እኅት አብረው በሞቱበት ሌሊት ሕንጻውም ተሰንጥቆ ወደ ኩሬው ሰመጠ። ይህ ለእንግሊዝኛ አንባቢ እንደ ጥበብ ይቈጠር ይሆናል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን የዕለት ቋንቋ ነው። «ቤቱ ፈረሰ» ሲባል ሰሚው፣ ምሰሶው ወደቀ ወይስ ባልና ሚስት ተለያዩ ብሎ መጠየቅ አለበት። «ቤተ ሰብ» የሚለው ቃላችንም ሰውን ከቤት ለይቶ አያውቅም።

ሌላም ቃል አለን፤ እርሱም ገበና ነው። ገበናን መሸፈን በእኛ ዘንድ ትልቅ ሙያ ነው፤ የቤቱን ገበና አደባባይ ያወጣ ሰው አይመሰገንም። ይህ ልማድ ከንቱ ነው ለማለት አልመጣንም፤ የሰው አፍ ክፉ መሆኑን እኛም በትምህርት ቤት ግቢ እናውቀዋለን። ነገር ግን እነዚህ ደራሲዎች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ የተሸፈነው ገበና የት ይሄዳል? መልሳቸውም ወደ ደረጃው፣ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጓዳው ይሄድና ሌሊት በር ያንኳኳል የሚል ነው።

ክበባችንን ለሁለት የከፈለው መጽሐፍ ሸርሊ ጃክሰን የተባለችው አሜሪካዊት ደራሲ በ1959 ያሳተመችው፣ ሂል ሃውስ ስለሚባል ቤት የሚተርከው ነው። ዶክተር ሞንታግ የሚባል ምሁር ቤቱን ለመመርመር ይከራይና ጥቂት ሰዎች ይጋብዛል። ከተጋበዙት አንዷ ኤሊኖር ቫንስ ናት። ዕድሜዋ 32 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 11 ዓመት ያህል አልጋ ላይ የዋለች እናቷን ስታስታምም ኖራለች። እናቷ ከሞተች በኋላ የምትተኛው በእኅቷ ቤት፣ በሕፃን ክፍል ውስጥ በተዘረጋ ትንሽ አልጋ ላይ ነው። ከእኅቷ ጋር በጋራ የገዙትን መኪና እንኳ ለመንገዱ ስትጠይቅ ተከለከለች፤ ስለዚህ አንድ ቀን ማለዳ መኪናውን ይዛ ጠፋች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እስካሁን መንፈስ የሚባል ነገር አልታየም። እኛ ግን ገና ከዚህ ገጽ ጀምሮ ፈርተን ነበር።

ኤሊኖር በመንገድ ላይ ሳለች የምታየውን ሁሉ ለራሷ ትሰበስባለች። በአንድ ቤት ደጃፍ ሁለት የድንጋይ አንበሶች አየች፤ በአንድ ምግብ ቤትም፣ ከዋክብት ካሉበት የራሴ ጽዋ ካልሆነ ወተት አልጠጣም የምትል ትንሽ ልጅ አየች። በኋላ በሂል ሃውስ ሰዎቹ የት እንደምትኖር ሲጠይቋት፣ የድንጋይ አንበሶችና የከዋክብት ጽዋ ያሉበት የራሷ ቤት እንዳላት አድርጋ ተናገረች። ቤት የሌላት ሴት ቤቷን ከመንገድ ለቅማ ሠራች ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ነገር አላገኘንም።

ሂል ሃውስም በበኩሉ የቤተ ሰብ ጥል የሞላበት ቤት ነው። ሂው ክሬን የተባለ ሰው ከ80 ዓመት በፊት ሠራው፤ ወጣት ሚስቱ ግን በመጀመሪያ ቀኗ ሠረገላ ተገልብጦባት ቤቱን ሳታይ ሞተች። ያለ እናት ያደጉት ሁለት ሴቶች ልጆቹ በኋላ በቤቱና በዕቃው ተጣሉ። የቤቱ ማዕዘኖች ሁሉ በጥቂቱ የተዛነፉ ናቸው፤ በሮቹም የተከፈቱ ሲመስሉ ራሳቸው ይዘጋሉ።

ከዚህ በኋላ የበሩ መንኳኳት ይመጣል። ሌሊት አንድ ነገር ኮሪደሩን ይዞ በየበሩ ሲመታ፣ ኤሊኖር ከእንቅልፏና ከንቃቷ መካከል ሆና እናቷ ግድግዳውን መትታ የጠራቻት መሰላትና «መጣሁ እማማ» እንደ ማለት ታደርጋለች። ኋላ እንደምትናዘዘው እናቷ በሞተችበት ሌሊት ግድግዳውን መትታ ነበር፤ ኤሊኖር ግን አልሄደችም። ያን ጊዜ ሰምታ ነበርን? ሰምታስ ተመልሳ ተኛችን? ራሷም አታውቀውም።

ክርክራችን የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ግማሾቻችን መንፈሱ የቤቱ ነው አልን፤ ሌላዋም እንግዳ ቴዎዶራ መንኳኳቱን ሰምታለችና። ግማሾቻችን ግን ሁሉም ከኤሊኖር ልብ የሚወጣ ነው አልን፤ ልጅ ሳለች አባቷ በሞተ በወሩ ገደማ በቤታቸው ላይ ሦስት ቀን ድንጋይ መዝነቡን ደራሲዋ በከንቱ አልጻፈችውም ብለን። ሁለት ሳምንት ያህል ተጯጯህን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዲት፣ ብዙ የማትናገር ልጅ፣ እጇን አወጣች። ማን እንደ ሆነች አንናገርም። «ሰው ስታስታምሙ» አለች፣ «ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ነገር ሁሉ ያናድዳል። የሚከብደው መናደዱ አይደለም። ያን ጊዜ መናደዳችሁን ለማንም መንገር አለመቻላችሁ ነው»። ከዚያ በኋላ ስለ መንፈሱ ማንም አልተከራከረም፤ ደወሉም ተደወለ።

መጽሐፉ በ1963 በሮበርት ዋይዝ አዘጋጅነት ፊልም ሆኗል። ፊልሙ መንፈስ የሚባል ነገር አያሳይም፤ ድምፅና ወደ ውስጥ የሚያብጥ አንድ በር ብቻ ነው የሚያሳየው። (በአዲስ አበባ በመጀመሪያ ጊዜ ሲኒማ የታየበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበረ ሽማግሎች ይናገራሉ፤ ያ ሕዝብ ይህን በር ቢያይ ምን ይል እንደ ነበር እንጃ።) በ2018 ደግሞ ማይክ ፍላናጋን ለኔትፍሊክስ 10 ክፍል ያለው ተከታታይ ፊልም አድርጎታል። በዚህኛው ክሬን የሚባሉ አባትና እናት ከአምስት ልጆቻቸው ጋር በቤቱ አንድ በጋ ይከርማሉ፤ እናቲቱም በዚያው ትሞታለች። አባትየው በዚያች ሌሊት ምን እንደ ተደረገ ለልጆቹ ሳይነግር ዓመታት አለፉ። ልጆቹን ለመጠበቅ ብሎ ዝም አለ፤ እነርሱ ግን ዝምታውን እያንዳንዳቸው በሌላ መንገድ ተረጐሙት። ታላቁ ልጅ የቤተ ሰቡን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፎ ሸጠው፤ አንዷ እኅቱም ከዚያ የተገኘውን ገንዘብ አልነካም አለች። የቀብር ዋዜማ በአስከሬን ፊት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች የሚነታረኩበት ክፍል ከመንፈሶቹ ሁሉ ይልቅ አስጨነቀን፤ ለቅሶ ቤት የተነሣ ጠብ አይቶ የማያውቅ ማን አለ? መጨረሻው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማር በዝቶበታል። ጃክሰን ለኤሊኖር እንዲህ አልራራችላትም። ኤሊኖር ቤቱን ልቀቂ በተባለች ጊዜ መኪናዋን በትልቁ ዛፍ ላይ ነድታ ሞተች፤ በመጨረሻዋ ቅጽበትም ይህን ለምን እንደምታደርግና ለምን እንደማያስቆሟት ራሷን ጠየቀች።

አሁን ወደ አያታችን ጥያቄ እንመለስ። ቄስ ባይመጣም ጎረቤት የመጣበት አንድ መጽሐፍ አለና። እርሱም ቶኒ ሞሪሰን በ1987 ያሳተመችው «ቢላቭድ» ነው፤ ትርጓሜው ውዲቱ ማለት ነው። መጽሐፉ በ1988 የፑሊትዘርን ሽልማት ተቀበለ፤ ደራሲዋም በ1993 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። መነሻው እውነተኛ ነገር ነው። በጥር 1856 ማርጋሬት ጋርነር የምትባል ባሪያ ከኬንታኪ ሸሽታ፣ በረዶ የሆነውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ ሲንሲናቲ ገባች፤ አሳዳጆቿ በደረሱባት ጊዜም ወደ ባርነት እንዳትመለስ ብላ ሁለት ዓመት የሆናትን ሴት ልጇን ገደለች። በሞሪሰን ልብ ወለድ ይህን የምታደርገው እናት ሴዝ ትባላለች። ታሪኩ በ1873 ሲጀምር የሞተችው ሕፃን መንፈስ በሲንሲናቲ ዳር ያለውን ቤት ያምሳል፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆች ጠፍተዋል፤ ከሴዝ ጋር የቀረችው ዴንቨር የምትባለው ልጅ ብቻ ናት።

ዴንቨር ተማሪ ነበረችና ለእኛ ቅርብ ናት። ሌዲ ጆንስ የምትባል መምህርት በቤቷ ፊደል ስታስተምር አንድ ዓመት ያህል ተምራለች። አንድ ቀን ግን አብሯት የሚማር ልጅ፣ እናትሽ ሰው ገድላ ታስራ አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቃት። ልጁ በክፋት አልጠየቀም። እርሷ ግን ያን ጥያቄ ለእናቷ ካቀረበች በኋላ መልሱን እንዳትሰማ ጆሮዋ ተደፈነ፤ ሁለት ዓመትም ደንቍራ ኖረች። ወደ ትምህርቷም አልተመለሰችም።

ኋላ የሞተችው ልጅ በወጣት ሴት መልክ መጥታ ከቤቱ ገባች። ሴዝ የበደሏን ዕዳ ለመክፈል ያላትን ሁሉ፣ እህሏንም ሰውነቷንም ሰጠቻት፤ ቤቱም በረሃብ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ዴንቨር ከደጃፉ ቆማ መውረድ ፈራች። የሞተችው አያቷ ድምፅ ግን በጆሮዋ መጥቶ፣ ከውጭ ያለው ክፉ ነገር ሁሉ እውነት መሆኑን እያወቀች ከግቢው እንድትወጣ አደፋፈራት። በዚያ ቤት መንፈስ ሁሉ ክፉ አልነበረም ማለት ነው። ዴንቨርም ወጣች፤ የሄደችውም ወደ ድሮ መምህሯ ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ያህል ሴቶች፣ አንዳንዶቹ እንደ ክታብ ያለ ነገር በአንገታቸው አስረው፣ ሌሎቹ ጸሎታቸውን ይዘው፣ እየዘመሩ ወደዚያ ቤት መጡ፤ ውዲቱም ተሰወረች። አያታችን ይህን በሰሙ ጊዜ «ይኸው!» አሉ። ነገር ግን አንድ ነገር እንጨምርላቸው ዘንድ ግድ ሆነብን። ከ18 ዓመት በፊት አሳዳጆቹ በፈረስ ሲመጡ እነዚሁ ጎረቤቶች ለሴዝ ቤት ሮጦ የሚናገር ሰው አልላኩም ነበር። ባለፈው ቀን በዚያ ቤት 90 ሰው የተበላበት ግብዣ ስለ ተደረገ፣ ቅናት ይዟቸው ነበርና። ገበናው የሴዝ ብቻ አልነበረም፤ ዘማሪዎቹም ድርሻ ነበራቸው። አያታችን ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እሱንስ አላነበብሽልኝም ነበር» አሉና ከመጀመሪያው እንድትጀምርላቸው አዘዟት።

ስለ ዴንቨር የቀረው ይህ ነው። መምህሯ ሩዝ፣ እንቍላልና ሻይ ሰጠቻት። ከዚያም የጎረቤት ሴቶች ምግቡን በሳሕን እያደረጉ፣ አንዳንዶቹም ስማቸውን በቍራጭ ወረቀት ጽፈው፣ ከግቢው ጥግ ያስቀምጡላት ጀመር። ዴንቨር ፊደል ታውቅ ነበርና ስሙን እያነበበች ሳሕኑን ለየባለቤቱ ትመልሳለች፤ እነርሱም በየደጃቸው እያቆሙ ስለ አያቷ ያጫውቷታል።