የኮሌራ ክትባት፤ ዕውቀቱ የማን ነው?

(በተማሪዎች ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ኮሌራ ክትባት ለመናገር የተነሣነው ሐኪሞች ብቻ እንዲሰሙን አይደለም። ንጹሕ ውሃና ደኅና መጸዳጃ ባለበት ከተማ ኮሌራ አይዛመትም። የሚገድለው ድኻውን ነው። በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራለን) በባሌ ሐረና ቡሉቅ የተነሣው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሲዛመት ያየነው ይኸንኑ ነው።

የኮሌራ ጀርም ወደ ደም አይገባም። በቀጭኑ አንጀት ላይ ተጣብቆ መርዙን ይረጫል፤ መርዙም የሰውነትን ውሃና ጨው አሟጦ ያወጣል። በመርፌ ይሰጥ የነበረው የቀድሞው ክትባት ግን አንጀትን በሚገባ አልጠበቀም፤ ኃይሉም ከጥቂት ወራት አያልፍም ነበር። ስለዚህ በ1973 የዓለም የጤና ጉባኤ መንገደኞች የኮሌራ ክትባት ወረቀት እንዲያሳዩ መጠየቁን አስቀረ።

ዘብ የሚቆመው ጠላት በሚገባበት በር ነውና፣ የተገደለውን ጀርም በአፍ መስጠት ተጀመረ። የስዊድኑ ሊቅ ያን ሆልምግሬንና ጓደኞቹ የሠሩት ክትባት በ1985 በባንግላዴሽ ማትላብ ተሞከረና ጠቃሚነቱ ታየ። ይሁን እንጂ ዋጋው ውድ ነበር፤ በንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ ዱቄትም ያስፈልገው ነበር። ንጹሕ ውሃ ያጣው ሰው ይኸን ከየት ያመጣል? ስለዚህ በአብዛኛው የሀብታም አገር መንገደኛ ክትባት ሆኖ ቀረ።

ቬትናሞች ግን ተቀምጠው ምጽዋት አልጠበቁም። ዕውቀቱን ከስዊድን ተቀበሉ፤ ውድ የሆነውን ክፍል ትተው ርካሹን ክትባት በገዛ እጃቸው ሠሩ። በሴኡል የሚገኘው ዓለም አቀፍ የክትባት ተቋም አሠራሩን አሻሽሎ ለአንድ የሕንድ ፋብሪካ አስተላለፈ፤ በ2009ም በሕንድ ተፈቀደ። በካልካታ ድኾች ሰፈር ከ2006 ጀምሮ በተደረገው ምርመራ ሁለት ጊዜ የወሰዱትን ለአምስት ዓመት 65 በመቶ ያህል እንደ ጠበቃቸው ተረጋገጠ። ዕውቀቱ ቀጥሎ ወደ ኮሪያ ፋብሪካ ተላለፈ።

ታዲያ ችግሩ አለቀ? አላለቀም። በ2013 የዓለም መጠባበቂያ ክምችት ቢቋቋምም፣ በጥቅምት 2022 ክትባቱ ስላነሰ ወረርሽኝ በተነሣበት አገር ሁለት ጊዜ ይሰጥ የነበረው ወደ አንድ ተቀነሰ። በ2023 መጨረሻ የሕንዱ ፋብሪካ ማምረቱን ሲያቆም ክምችቱ ለጊዜው በአንድ የኮሪያ ፋብሪካ እጅ ላይ ወደቀ። በ2024 ኮሪያዎቹ አሠራሩን አቅልለው ብዙ ለማምረት ቻሉ፤ በሕንድም ሌላ አምራች ተነሣ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ2022 ዕውቀቱን ለመረከብ ከሴኡሉ ተቋም ጋር ተዋውላለች።

ክትባት የውሃ ቧንቧን አይተካም፤ ቧንቧው እስኪደርስ ግን ሕይወት ያተርፋል። በአገራችን ባለሥልጣኖች ኮሌራን በስሙ ከመጥራት ሸሽተው ለብዙ ዓመታት «አተት» ሲሉት ኖረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!

ወንድሞችና እኅቶች፤ በየቤተ ሙከራው የምንማረው ለማን ነው? ቬትናሞች የተቀበሉትን ዕውቀት አገራቸው አስገቡት። እኛስ ዲፕሎማችንን ብቻ ይዘን እንመለሳለን ወይስ ዕውቀቱን ከነሥራው?