ባልና ሚስት በበረሃ

(በደዶ ለጎልማሳ አንባብያን ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዕረፍት ነው። ዕረፍት ስል እንቅልፍ ማለቴ አይደለም። ባልና ሚስት ሥራቸውን አጠናቀው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ አገራቸውን ሳይቸኩሉ ለማየት የሚወስዱትን ጊዜ ማለቴ ነው።

«የቡና ገበሬ ደግሞ ምን ዕረፍት አለው?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናስበው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና እንለቅማለን። ጀንፈሉን እናደርቃለን፣ እንሸጣለን። ጥር ሲገባ ወንዱ ገበያ ይወርዳል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል፣ ጥላ ሥር ያርፋል። ሴቲቱስ? ቡናውን ስትለቅም ውላ ማታ ውሃ የቀዳችው፣ እንጀራ የጋገረችው እርሷ ነች። ጥር ሲገባም ምድጃው አይጠፋም። ታዲያ የእርሷ ዕረፍት መቼ ነው?

እኔና ባለቤቴ ይህን ጉዳይ የተነጋገርነው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቡናችንን ሸጥን። መጀመሪያ ዕዳ ከፈልን። ቀጥሎ ለልጆች ትምህርትና ለዘር የሚሆነውን ለየን። ጥቂት ተረፈ። ባለቤቴ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ከጅማ ገበያ ወዲያ ያለውን አገር ልይ» አለች። እኔም ተስማማሁ። ወዴት እንሂድ ሲባል አዋሽ ፓርክን መረጥን። የደጋ ሰው ደጋን ቢያይ ምን አዲስ ነገር ያገኛል? በረሃ ግን አይተን አናውቅም።

ጎረቤቶቻችን ሳቁብን። አንድ አባት፣ «የቡናን ገንዘብ ለበረሃ! ድንጋይና እሾህ ለማየት ነው?» አሉን። ዛሬ ይህን ንግግር የማደርገውም ለእኒያ አባት ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

ከሁሉ በፊት በረሃ ምንድን ነው? በረሃ ዝናብ የሚያንስበት፣ ሙቀት የሚበዛበት ምድር ነው። ከደጋ ወደ ቆላ ስንወርድ በያንዳንዱ 1000 ሜትር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። የደዶ ተራሮች ከ2000 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። የአዋሽ ፓርክ ሜዳ ግን ከፍታው 1000 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋቢ ስንለብስ እዚያ ሸሚዝ ይከብዳል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በጥር ግን ቀለል ይላል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። አያችሁ፣ የቡናው ሥራ የሚያልቅበት ወርና በረሃውን ለማየት የሚመቸው ወር አንድ ነው።

ከጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ የጊቤን ሸለቆ ሲወርድ የመጀመሪያው ሙቀት ተቀበለን። አዲስ አበባ ስናድር በማግሥቱ ብሔራዊ ሙዚየምን ጎበኘን። እዚያ ድንቅነሽን አየን። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር በሚባል ስፍራ የተገኘች ጥንታዊ ፍጥረት ናት። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ለተመልካች የቀረበው አስመስለው የሠሩት ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ባለቤቴ ፊደል የቆጠረችው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ጽሑፉን ጣቷን እያስኬደች ለራሷ አነበበች። ካነበበች በኋላ፣ «ይህች በበረሃ የኖረች ናት እንግዲህ» አለች። አስተርጓሚም ሆነ አስረጂ አላስፈለጋትም።

ከአዲስ አበባ አዳማን አልፈን መተሐራ ደረስን። ከከተማው አጠገብ በሰቃ የሚባል ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ አካባቢ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር ይባላል። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ ሳይቀር ተጋፍቷል። ውሃው ግን ጨዋማ ነው፤ አይጠጣም፤ እርሻም አያጠጡበትም። ውሃ በሚፈለግበት አገር ውሃ ሞልቶ ሰው ሲጠማ ማየት ያሳዝናል። ምንጭ ከደጃችን የሚፈልቅልን እኛ ስንት ጊዜ አመስግነናል?

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያ የፈንታሌ ተራራ ቆሟል። ፈንታሌ እሳተ ገሞራ ነው። ከ200 ዓመት ያህል በፊት የፈሰሰው የቀለጠ ድንጋይ ዛሬም ጥቁር ሆኖ ሜዳ ላይ ተኝቷል። በሰሜን በኩል ፍል ውሃና ዘንባባ አለ። በደቡብ በኩል አዋሽ ወንዝ በፏፏቴ ወርዶ ጥልቅ ገደል ውስጥ ይገባል።

እኛ ሁሉንም ለማየት አልተሯሯጥንም። አስቀድመን ተማከርን። እርሷ ፏፏቴውንና አውሬዎቹን መረጠች። እኔ ፈንታሌን ከሩቅ ማየት ፈለግሁ። ሦስቱ ይበቁናል አልን። ማለዳ በ12 ሰዓት ወጥተን ከረፋዱ 5 ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ውስጥ እንገባለን። እስከ 10 ሰዓት እዚያው እናርፋለን፤ ቡና ይፈላል፤ እንጫወታለን። ፀሐይ ሲበርድ እንደገና እንወጣለን። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልጆች ካደጉ ወዲህ እንደዚያ ሰፊ ጊዜ አግኝተን ተጫውተን አናውቅም። ስለ ልጆች፣ ስለ እርጅናችን፣ ስለ ማሳው ድርሻ እንኳ ዓመት ሙሉ ያልተነጋገርነውን እዚያ ተነጋገርን።

ኢላላ ሳላ በሚባለው ሜዳ ላይ ሳላዎችን አየን። ሳላ ሁለት ረጅምና ቀጥ ያሉ ቀንዶች አሉት። ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን ይቆያል። እንዴት ቢባል፣ ከሚበላው ቅጠልና ሥር ርጥበት ያገኛል። በቀትር ጥላ ይፈልጋል። ላቡን ይቆጥባል። የሜዳ ፍየልና ከርከሮም አየን። ከፏፏቴው በታች አዞ ነበር። ባለቤቴ ሳላውን አይታ፣ «እርሱስ ብልህ ነው፤ በቀትር የሚሮጥ እኛ ነን» ብላ አሳቀችን።

ከሁሉ የበለጠውን ግን ያስተማረን ሰው ነው። በፓርኩ ዙሪያ ከረዩና አፋር የሚባሉ አርብቶ አደሮች ይኖራሉ። ከረዩዎች ኦሮሞዎች ናቸው። እኛ ከጅማ፣ እነርሱ ከአዋሽ ዳር፤ ቋንቋችን ግን አንድ ነው። ከመንገድ ዳር ግመል የምታጠጣ አንዲት የከረዩ ሴት ሰላም አለችን። ባለቤቴም በኦሮምኛ መለሰችላት። «እንዴ! ከየት መጣችሁ?» ብላ ተደነቀች። ከቡና አገር መምጣታችንን ስትሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «እናንተ ዘንድ ዝናቡ እንዴት ነው?» የሚል ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ብዙ ተጫወቱ። ባለቤቴ ውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቀቻት። በበጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ስለ ፓርኩም ጠየቀቻት። ሴትዮዋ፣ «ለእናንተ አውሬ የምታዩበት ነው። ለአባቴ ግን የበጋ ግጦሹ ነበር» አለቻት። ነገሩ እውነት ነው። ፓርኩ ሲከለልና በአዋሽ ዳር የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሲስፋፋ ከረዩዎች ብዙ ግጦሽና የወንዝ መዳረሻ አጥተዋል። አውሬው መጠበቅ አለበት፤ ከብቱም መኖር አለበት። የዚህ ክርክር ገና አላለቀም።

እኛ ወደዚያ ስንሄድ በረሃውን የማንም ያልሆነ ባዶ ምድር አድርገን እናስብ ነበር፤ የደጋ ሰው አብዛኛው እንዲህ ነው የሚያስበው። ያች ሴት ግን ለጎብኚ መዝናኛ የሆነው ስፍራ ለኗሪው ቤቱ መሆኑን አሳየችን።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላውም ዓለም አለ። በአሜሪካ አገር፣ ካሊፎርኒያ በሚባለው ክፍል፣ «የሞት ሸለቆ» የሚባል በረሃ ይገኛል። ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው። በሐምሌ 1905 ዓ.ም. በዚያ 56.7 ዲግሪ ሙቀት ተመዝግቧል። ብዙ ባልና ሚስት በቀዝቃዛው ወራት መኪናቸውን እየነዱ ይሄዳሉ፤ አሸዋውን፣ የጨው ሜዳውን፣ ቀለም ያለውን ድንጋይ ያያሉ። የሙቀቱን ወራት ንቀው ከሚሄዱት መካከል ግን ሕይወታቸውን የሚያጡ አሉ።

ለመሆኑ ስሙን ማን አወጣው? በ1842 ዓ.ም. አካባቢ ወርቅ ፍለጋ ሲቸኩሉ መንገድ የጠፋባቸው መንገደኞች ናቸው ይባላል። ነገር ግን ጢምቢሻ ሾሾኒ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን በዚያው ይኖሩ ነበር። የቸኮለው ሞት ያለውን፣ ኗሪው ቤቴ ይለዋል። እነርሱም ስፍራው በመንግሥት ከተከለለ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ቆይተው፣ በ1993 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ከመሬታቸው ከፊሉ ተመለሰላቸው።

የእኛም አገር ከዚያ የባሰ ዝቅተኛ ስፍራ አለው። በአፋር የሚገኘው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በአቅራቢያው ሰዎች የጨው ምድር እየቆረጡ አሞሌ ይጠርባሉ፤ በግመል ጭነው ወደ ደጋ ያወጣሉ። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የመጣው ባዶ ነው ከምንለው ከዚያ በረሃ ነው።

ደግሞ የወንዞችን ነገር አስቡ። አዋሽ ከደጋ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ባሕር ግን አይደርስም። በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ጠረፍ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የእኛስ? የደዶ ውሃ በግልገል ጊቤም ይሂድ በጎጀብ፣ መጨረሻው ኦሞ ነው። ኦሞም ባሕር አይደርስም፤ በቆላ አቋርጦ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና በበረሃ ካሉት የዓለም ትልልቅ ሐይቆች አንዱ ነው። እንግዲህ እኛ ዛፍ ስንቆርጥና አፈሩ ሲታጠብ፣ ወይም ጫካውን ስንጠብቅ፣ ከታች በበረሃ ያለው ሰው ይሰማዋል። አይተነው ባናውቅም ጎረቤታችን ነው።

እኛ ከተመለስን ከዓመታት በኋላ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። ቤቶች ፈረሱ፤ መሬት ተሰነጠቀ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ዜናውን በራዲዮ ስንሰማ ባለቤቴ ሥራዋን አቁማ፣ «ያች ሴትዮ የት ደርሳ ይሆን?» አለች። በረሃውን ባናይ ኖሮ ወሬው የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ ያልፈን ነበር።

ወደ በረሃ ለመሄድ ያሰባችሁ ባልና ሚስት ካላችሁ፣ እነዚህን ነገሮች አስተውሉ፤

1. አስቀድማችሁ የአካባቢውን ሰላምና የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። የመሬት መንቀጥቀጥ ወሬ ካለ ጉዞውን አዘግዩ።

2. በቀን ለያንዳንዱ ሰው ከ3 እስከ 4 ሊትር የማያንስ ውሃ ያዙ። እስኪጠማችሁ ሳትጠብቁ ጠጡ።

3. ራሳችሁን ሸፍኑ፤ በቀትር ጥላ ውስጥ ቆዩ።

4. አንዱ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሙቀት መቶታል። ፈጥናችሁ ወደ ጥላ ውሰዱት፤ ልብሱን አላሉ፤ በእርጥብ ጨርቅ አብርዱት፤ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

5. በቆላ ወባ አለ። በአጎበር ተኙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢሰማችሁ ሳትዘገዩ ተመርመሩ፤ ቆላ ወርዳችሁ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩ።

6. የሰውን ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

አሁን ለእኒያ አባት ጥያቄ መልስ ልስጥ። የቡናው ገንዘብ ምን ገዛልን? የሚዳሰስ ነገር አልገዛንም። ጣሪያችንም አዲስ ቆርቆሮ አላለበሰም። ሆኖም ባለቤቴ ለስድስት ቀን የሌላ ሰው እሳት ያፈላውን ቡና ጠጣች። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ነገር አየን። ሩቅ ያለ ሕዝብ የኛው ወገን መሆኑን አወቅን። እዳ ሳይገባ፣ ልጅ ሳይራብ፣ ይህ ከተገኘ ገንዘቡ በከንቱ ጠፋ አይባልም።

አዋሽ ለማትደርሱም መንገዱ ዝግ አይደለም። ጅማ ሙዚየምን ያላያችሁ ብዙ ናችሁ። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያን ያህል አይርቅም። አንድ ቀን ለይታችሁ፣ ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። እዚያ የተጻፈውን ራሳችሁ አንብቡ። አትቸኩሉ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ በዓመት ውስጥ ሴቲቱ የምታርፈው በየትኛው ወር ነው?

2. ሳላ ያለ ውሃ ብዙ ቀን የሚቆየው እንዴት ነው?

3. የደዶ ወንዞች መጨረሻቸው የት ነው? ይህስ ከእኛ ምን ይጠይቃል?