የቋንቋ ሳይንስ ለሰዋስው መምህር ምን ይረዳዋል?

(በሎስ አንጀለስ፣ በዌስት አዳምስ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር አለ። በዚያ እናት በአማርኛ ስትጠይቅ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲመልስ እንሰማለን። ይህን ልጅ ልናስተምር ስንነሣ ግን በልጅነታችን ያጠናነውን «ስም ማለት፣ ግስ ማለት» እያልን እናስሸመድደዋለን። ትርጓሜውን ይወጣዋል፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን አይወጣለትም።

የቋንቋ ሳይንስ የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ባሳተማቸው መጻሕፍት እንዳስረዳው፣ ሰው አፍ የፈታበትን ቋንቋ ሕግ ማንም ሳያስተምረው በአእምሮው ይዞታል። እንግዲያውስ ልጁ «አየሁ ልጁ» ቢለን ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እንግሊዝኛ ተሳቢን በቃላት ተራ ይለያል፤ አማርኛ ግን በ«ን» ይለያል። ያውም ሁልጊዜ አይደለም። «ልጅ አየሁ» እንላለን፤ ልጁ ተለይቶ ሲታወቅ ደግሞ «ልጁን አየሁ» እንላለን። መምህሩ ይህን ካወቀ አሥር ምሳሌ ሰጥቶ ሕጉን ልጁ ራሱ እንዲያገኘው ያደርጋል።

«ይመታል» የሚለውንም እንመልከት። ላልቶ ሲነበብ መቺው እርሱ ነው፤ «መ» እና «ታ» ሲጠብቁ ግን ተመቺው እርሱ ይሆናል። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ ስለዚህ በጆሮ መማር አለበት።

ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይምሰለን። የቅኔ መምህሮቻችን የግእዝን ግስ ሁሉ ከቀተለ፣ ከቀደሰ፣ ከገብረ፣ ከአእመረ፣ ከባረከ፣ ከሤመ፣ ከብህለና ከቆመ ሥር አሰልፈው ያስተምሩ ነበር፤ ዛሬም ያስተምራሉ። አርእስቱን ያወቀ ተማሪ ሰምቶት የማያውቀውን ግስ ያረባል። በዚህችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995፣ ፕሮፌሰር ባየ ይማምም በ1987 ዓ.ም. የአማርኛን ሰዋስው በሰፊው ጽፈውልናል። የጎደለው መጽሐፉን ወደ ሰሌዳው የሚያወርድ መምህር ነው።

ነገሩ የስደተኛ ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገር ቤት በኦሮምኛ አፉን የፈታ ተማሪ «ን» ቢያስቀር ስንቱ ተስቆበታል! የእርሱ ቋንቋ ምልክት የሚያደርገው በተሳቢው ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ነው። ሕግ ያለው ቋንቋ ይዞ የመጣውን ልጅ ሕግ እንደሌለው አድርገን ከቈጠርነው፣ የምናስተምረው ሰዋስው ሳይሆን ኀፍረት ነው።

ስለዚህ መምህራን ለመሆን የምታስቡ ሁሉ፣ ሳይንሱን ለራሳችሁ አጥኑ፤ ለተማሪው ምሳሌውን ስጡት። ከማረማችሁም በፊት ከየትኛው ቋንቋ እንደ መጣ ጠይቁት።