ከቀለሙ አጠገብ ምን ይቀመጥ? የመቆጣጠሪያ ኤሌክትሮኒክስን ከፒዞኤሌክትሪክ የማተሚያ ሄድ ጋር ስለ ማዋሐድ

(በመቐለ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለማተሚያ ቤት ባለሙያዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ)



በከተማችን መንገዶች ግራና ቀኝ የምናያቸው ባነሮችና የሱቅ ማስታወቂያዎች በአብዛኛው የኢንክጄት ማሽን ውጤቶች ናቸው። የማሽኑ ልብ ባለሙያዎቻችን «ሄድ» የሚሉት፣ ቀለሙን ጠብታ በጠብታ የሚረጨው ክፍል ነው። ሄዱ ከተበላሸ ማሽኑ ይቆማል፤ ምትኩም ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሄዱን ከሚያዝዘው ኤሌክትሮኒክስ የትኛው ከቀለሙ አጠገብ ይሁን? የትኛውስ ርቆ ይቀመጥ? ጥያቄው የንድፍ ብቻ ቢመስልም፣ ዕቃው ሲበላሽ ማን ሊጠግነው እንደሚችል የሚወስነውም እርሱ ነው።

ከመሠረቱ እንነሣ። ወንድማማቾቹ ዣክ እና ፒየር ኩሪ በ1880 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪካዊ ሙል እንደሚያሳዩ አረጋገጡ። በቀጣዩ ዓመት ገብርኤል ሊፕማን ተገላቢጦሹን፣ ማለትም ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ቅርጻቸው እንደሚለወጥ፣ በስሌት አመለከተ። የማተሚያው ሄድ የሚሠራው በዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ከፀጉር ብዙም በማይወፍር ቦይ ውስጥ ቀለም አለ፤ የቦዩ አንድ ግድግዳ ፒዞ ነው። በአሥሮች ቮልት የሚቆጠር ምት ሲደርሰው ግድግዳው ይተጣጠፋል፤ በቀለሙ ውስጥ የግፊት ሞገድ ይነሣል፤ ከኖዝሉም ጥቂት ፒኮሊትር መጠን ያላት ጠብታ ትወጣለች።

የምቱ ርዝመት በዘፈቀደ አይመረጥም። ቦዩ 6 ሚሊሜትር ቢሆንና ድምፅ በቀለሙ ውስጥ በሰከንድ 1200 ሜትር ቢጓዝ፣ ሞገዱ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ 5 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። የቮልቴጁ መውጣትና መውረድ ከዚህ ጉዞ ጋር ከተገጣጠመ ሞገዶቹ ይደጋገፋሉ፤ ካልተገጣጠመ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክሱ የፈሳሹን ጠባይ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ወደ ውሕደቱ የሚገፋን የመጀመሪያው ምክንያት የሽቦ ብዛት ነው። 1000 ኖዝል ያለው ሄድ ለእያንዳንዱ ኖዝል የራሱ ሽቦ ከውጭ ይምጣለት ቢባል፣ በየሚሊሜትሩ በሚንቀሳቀስ ጋሪ ላይ 1000 መስመር መጎተት ሊኖርብን ነው። መፍትሔው በሄዱ ላይ የማብሪያ ማጥፊያ ቺፕ ማስቀመጥ ነው። የሚታተመው መረጃ በጥቂት መስመሮች ተከታትሎ ይገባል፤ ቺፑም የትኛው ኖዝል እንደሚተኩስ ይመርጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ግን ወደ ኋላ ይጎትተናል፤ እርሱም ሙቀት ነው። ፒዞ ለኤሌክትሮኒክሱ ካፓሲተር ነው። በአንድ ኖዝል 500 ፒኮፋራድ፣ 30 ቮልትና በሰከንድ 20,000 ጠብታ እንውሰድ። ካፓሲታንሱን በቮልቴጁ ካሬና በድግግሞሹ ስናባዛ 9 ሚሊዋት እናገኛለን፤ በ1000 ኖዝል 9 ዋት ይሆናል። ይህ ሁሉ በቺፑ ውስጥ ከባከነ ቀለሙ ይሞቃል። የሞቀ ቀለም ይቀጥናል፤ የቀጠነ ቀለም የጠብታውን መጠንና ፍጥነት ይለውጣል። በባነሩ ላይ አንዱ ዳር ከሌላው ደምቆ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ብዙ አምራቾች ሥራውን ይከፍሉታል። የሞገዱን ቅርጽ የሚሠራው አምፕሊፋየር ከሄዱ ውጭ ሆኖ ሙቀቱን እዚያው ያራግፋል፤ በሄዱ ላይ ያለው ቺፕ ደግሞ የተዘጋጀውን ሞገድ ለየኖዝሉ ማሳለፍ ወይም መከልከል ብቻ ነው ሥራው። ማዋሐድ ማለት ሁሉንም በአንድ ቤት ማጎር አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ተግባር ተገቢ ቦታውን መስጠት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የአየር ጠባያችን ነው። መቐለ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ በጋዋም ረጅምና ደረቅ ነው። ሥራ የፈታ ኖዝል አፉ ላይ ያለው ቀለም ይደርቅበታል። ብልሁ መድኃኒት ጠብታ የማያስወጣ፣ ቀለሙን ብቻ የሚያነቃንቅ ደካማ ምት መስጠት ነው። ፒዞው እንደ ጆሮም ያገለግላል፤ ከምቱ በኋላ የቀረውን ንዝረት ቢያዳምጡት በቦዩ ውስጥ የአየር አረፋ መኖሩን ይናገራል። ለደረቅ አገር የሚስማማውን ምት መምረጥ ከእኛ የሚጠበቅ ምርምር ነው።

አሁን ወደ ጥገናው ልምጣ። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. በዘለቀው ጦርነት ባንክ፣ ስልክና መብራት በተቋረጡበት ጊዜ፣ መለዋወጫ ከውጭ ማስመጣት የሚታሰብ አልነበረም። ያ ጊዜ ያስተማረን ነገር ቢኖር፣ አንድ ዕቃ በእጃችን ሊከፈትና ሊጠገን መቻሉ ከዋጋው እኩል ሊታይ እንደሚገባ ነው። በሄዱ ውስጥ የታሸገ ቺፕ ከተቃጠለ ሄዱ በሙሉ ይጣላል። ከውጭ ያለው የድራይቨር ቦርድ ግን ትራንዚስተሩ ሊለካ፣ ሊነቀልና ሊተካ ይችላል። በፍላት ኬብሉ ማያያዣ ላይ የፈሰሰ ቀለም፣ ወይም መብራት ሳይጠፋ የተነቀለ ኬብል፣ ሁለቱንም በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥል እንደሚችል ባለሙያዎቻችን ያውቁታል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ በግልጽ ይታያል። ሄድ መሥራት ንጹሕ ክፍልና ስስ የፒዞ ንጣፍ ይጠይቃል፤ ያ ዛሬ ከእጃችን ውጭ ነው። የድራይቨር ቦርድ ግን ከእጃችን ውጭ አይደለም። ዘዴውም ቀላል ነው፦ ሄዱ ከመገጠሙ በፊት በእርሱ ቦታ እኩል ካፓሲታንስ ያለው ተራ ካፓሲተር ይቀመጣል፤ የሞገዱ ቅርጽ በኦሲሎስኮፕ ይታያል፤ ቮልቴጁ ከልኩ ካለፈ የሚያቋርጥ መከላከያ ይጨመራል። ቦርዱ ቢሳሳት የሚቃጠለው በሳንቲም የሚገዛ ካፓሲተር ነው እንጂ ሄዱ አይደለም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ የመመረቂያ ሥራችሁን ስትመርጡ ከአንድ ማተሚያ ቤት በር ጀምሩ፤ የሞተውን ቦርድ ውሰዱና ለምን እንደ ሞተ ለኩ። ልኬቱ ሲጠራቀም የራሳችን ንድፍ ከእርሱ ይወለዳል።