የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ ከጂን አይደለም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን። 

ጤነኛ ሆኖ ያደገ ልጅ በወጣትነቱ እጁ መንቀጥቀጥ ቢጀምር፣ ጽሕፈቱ ቢበላሽ፣ አንደበቱ ቢተሳሰር፣ ለሐጩ ቢዝረበረብና ጠባዩ ቢለወጥ በቤታችን መጀመሪያ የሚነገረው ምንድን ነው? «ጂን ነክቶት ነው» ወይም «የሰው ዐይን ነው» ይባላል። ከዚያ ሩቅያ ይደረግለታል። ሩቅያ በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው፤ አንቃወመውም። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና እንድንፈልግም አስተምረውናል። ዱዓችን ከሐኪም ቤት ሊያስቀረን አይገባም፤ ዛሬ የምናነሣው በሽታ ጊዜ አይሰጥምና።

ይህ በሽታ የዊልሰን በሽታ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1912 (እ.ኤ.አ.) በዝርዝር ጽፎ ካሳወቀው የለንደን ሐኪም ነው። መዳብ ከምግብ ጋር በጥቂቱ ወደ ሰውነታችን ይገባል፤ የተረፈውን ጉበት ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዘረ መል ስለተበላሸበት መዳቡ በጉበቱ ይጠራቀማል፤ አልፎም አንጎሉን ይጎዳል። አንዱን ዐይኑን ቢጫ ያደርገዋል፤ ሌላውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሌላውን የአእምሮ ሕመምተኛ ያስመስለዋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም፤ ካልታከመ ግን ይገድላል። ሐኪም የዐይንን ጥቁር ክፍል ጠርዝ በመሣሪያ አይቶ ቡናማ ቀለበት ይፈልጋል፤ ደምና የ24 ሰዓት ሽንትም ያስመረምራል።

አልሐምዱ ሊላህ፣ ከሚወረሱት የአንጎል በሽታዎች መካከል ይህ መድኃኒት ካላቸው ጥቂቶቹ አንዱ ነው። በ1956 (እ.ኤ.አ.) ጆን ዎልሽ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ፔኒሲላሚን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ለዚህ በሽታ እንደሚያገለግል አሳወቀ። መድኃኒቱ መዳቡን አስሮ ከሽንት ጋር ያወጣዋል። ፔኒሲላሚን ያልተስማማው ሰው በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራ ትራየንቲን ይሰጠዋል። ዚንክ ደግሞ መዳብ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል።

አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፔኒሲላሚን የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው፤ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ። ቫይታሚን ቢ6 አብሮ ይታዘዛል። ሽፍታ ሊያመጣ፣ ኩላሊትንና ደምን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ያሻል። በአንዳንዱ ታማሚ ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንቀጥቀጡ ሊብስ ይችላል። ለዚህም ሐኪሞች በትንሹ ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምራሉ። ይህን ያየ ቤተሰብ «መድኃኒቱ ባሰበት» ብሎ መጣል የለበትም፤ ፈጥኖ ለሐኪሙ ይናገር።

ትልቁ አደጋ ግን የሚመጣው ሲሻለው ነው። እጁ ይረጋል፣ አንደበቱ ይፈታል፤ «አሁንማ ድኗል» ተብሎ መድኃኒቱ ይቋረጣል። መዳቡ እንደገና ይጠራቀማል፤ ውሎ አድሮ ጉበቱ በድንገት ሥራውን ሊያቆምና ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ይህ መድኃኒት የዕድሜ ልክ ነው። ነፍሰ ጡር እኅታችንም በራሷ ፈቃድ አታቋርጠው፤ ሐኪሟ መጠኑን ያስተካክልላት።

ረመዳን ሲመጣስ? አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ሌሊት ሊዘዋወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙ ይናገር፤ ከዚያ ዓሊም ይጠየቅ። ለመጾም ብሎ መድኃኒት መተው ግን ራስን ለጥፋት ማጋለጥ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ አንድ ልጃችሁ ይህ በሽታ ከተገኘበት እኅትና ወንድሞቹን ሁሉ አስመርምሩ። እያንዳንዳቸው የመያዝ ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። ምልክቱ ሳይታይ መድኃኒት የጀመረ ልጅ ጤነኛ ሆኖ ሊኖር ይችላል። በሽታው የሚመጣው የተበላሸው ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው፤ ስለዚህ በዘመዳሞች ጋብቻ ዕድሉ ይጨምራል። የአጎት ልጅ ማግባት ሐላል ነው፤ በቤተሰቡ በሽታው ካለ ግን ከኒካሕ በፊት ሐኪም ማማከር ብልህነት ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ ይስጥልን፤ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብሩን ይወፍቃቸው። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።