ያልታየ መሬት ጠባቂ አያገኝም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




ማየት ማመን ነው ይባላል። የሰዓሊው የቶማስ ሞራን ታሪክ ለዚህ አባባል ጥሩ ምስክር ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞራን በ1837 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የመልክዓ ምድር ሰዓሊ ነበር። የሎውስቶን የተባለውን አካባቢ መጀመሪያ የሣለው ቦታውን ሳያይ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ተከትሎ ለመጽሔት ነበር። በ1871 ግን ከመንግሥት የጥናት ቡድን ጋር ራሱ ሄደ። ፈረስ መጋለብ ስላልለመደ ኮርቻው ላይ ትራስ አድርጎ ተጓዘ። ፏፏቴውን፣ ፍልውሃውንና ቢጫውን ገደል በውሃ ቀለም ሣለ። የዘመኑ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ስለነበር የመሬቱን ቀለም ያሳየው የእሱ ሥዕል ነው።

ሥዕሎቹም ፎቶግራፎቹም ቦታውን ረግጠው ለማያውቁ የምክር ቤት አባላት ታዩ። መንገደኛ አገኛለሁ ያለ የባቡር ኩባንያም ሐሳቡን ደገፈ። ማርች 1 ቀን 1872 ፕሬዚዳንት ግራንት ሕጉን ፈረሙ፤ የሎውስቶንም ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ የሞራንን ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል በ10,000 ዶላር ገዛ።

ይሁን እንጂ ሥራው ጉድለት ነበረበት። በዚያ ምድር ሲያድኑና ሲኖሩ የቆዩት ነባር ሕዝቦች አልተጠየቁም፤ በኋላም ከፓርኩ እንዲወጡ ተደረገ። የመሬቱ ውበት ታየ፤ የመሬቱ ሰው ግን አልታየም።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የሎውስቶንና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩት በአንድ ዓመት፣ በ1978 ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ቆይቷል።

ስለሆነም ተራራ ሲከለል ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ ቦረቦሩ ከመታከሙ በፊት በሥዕልም ሆነ በፎቶግራፍ ይያዝ። ከዓመታት በኋላ ከዚያው ቦታ ተቁሞ እንደገና ይነሳ። ያን ጊዜ ለውጡን ገበሬውም ኃላፊውም በዓይኑ ያያል። ሁለተኛ፣ ከብቱን እዚያ ሲያሰማራ የኖረው ገበሬ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ሣሩን አጭዶ የሚወስድበት ደንብም አብሮ ይውጣ። ያለ እሱ ፈቃድ የተከለለ ተራራ አጥር ይኖረው ይሆናል፤ ጠባቂ ግን አይኖረውም።

መልካም በዓል!